የዲሲ መንግሥት «ፎያ» አገልግሎት ሲገመገም፦ 15ቱ ቀን ከመቆጠሩ በፊት ያለው ሥራ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሬስቶራንት የሚገዛ፣ ቤት የሚከራይ፣ ታክሲ የሚነዳ ወይም ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው፣ አንድ ቀን የከተማው መሥሪያ ቤት የያዘው ወረቀት ማስፈለጉ አይቀርም። ያንን ወረቀት የሚያስወጣው የከተማዋ የመረጃ ነጻነት ሕግ ነው፤ እኛም እንደ ሰዉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ፎያ» (FOIA) እንለዋለን። ከአምስት ኮከብ ነጥብ ይሰጥ ቢባል ለሕጉ አራት ተኩል፣ ለጥያቄ መቀበያው ፖርታል ሦስት ተኩል፣ ለመሥሪያ ቤቶቹ ዝግጅት ሦስት፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ባለጉዳይ መስተንግዶ ደግሞ ሁለት እንሰጣለን። ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ መሥሪያ ቤት በጊዜው ሲመልስ ሌላው የውሃ ሽታ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ማወቅ ለጠያቂው ይጠቅመዋል። ጥያቄው በጊዜው መመለስ አለመመለሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ሳይገባ ነው። ሰነዱ የት እንደተቀመጠና ማን እንደያዘው፣ ሳይጠየቅ ይፋ መውጣት ይገባው እንደነበርም ቢሮው አስቀድሞ ካላወቀ፣ 15 ቀን ፍለጋው ላይ ያልቃል።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። ዜግነትም ሆነ የዲሲ ነዋሪነት አያስፈልግም፣ ለምን እንደፈለጉትም ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። መሥሪያ ቤቱ ጥያቄው በደረሰው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ሰነዱን መስጠት ወይም ያልሰጠበትን ምክንያት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያልተለመደ ችግር ካጋጠመው፣ ለምሳሌ ሰነዱ ብዙ ከሆነ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ማማከር ካስፈለገ፣ በጽሑፍ አሳውቆ 10 የሥራ ቀን መጨመር ይችላል። የሥራ ቀን ሲባል ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን አይቆጠርም። በዲሲ ብቻ የሚከበረው የሚያዝያው የባርነት ማብቂያ በዓል (በፈረንጆቹ ኤፕሪል 16) እንኳ አንድ ቀን ይገፋል። ስለዚህ 15 ቀን ማለት ሦስት ሳምንት፣ ከጭማሪው ጋር አምስት ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት ሞልቶት መልስ ያጣ ሰው ሕግ ተጣሰብኝ ብሎ ቢጮኽ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል።

ቀኑ አልፎ ምንም መልስ ካልመጣ ግን ዝምታው ራሱ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። ከሕጉ አንቀጾች ለባለጉዳይ የሚበጀው ይሄኛው ነው፤ ደጅ ሲጠኑ ከመክረም በቀጥታ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ብዙ ጥያቄ የሚበላሸው የተሳሳተ በር ሲያንኳኳ ነው። የኢሚግሬሽን ፋይል የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት በፌዴራሉ ሕግ ነው፤ የዲሲ መንግሥት እዚያ ውስጥ የለበትም። የሜትሮ ባቡርና አውቶቡስ ድርጅት ሦስት አስተዳደሮች የሚጋሩት ስለሆነ የራሱ የሰነድ መጠየቂያ ደንብ አለው። የፍርድ ቤት መዝገብ ከፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ይወጣል እንጂ በዚህ ሕግ አይጠየቅም። ካፒቶል አካባቢ ያስቆመዎት የካፒቶል ፖሊስ ከሆነ፣ ፓርክ ውስጥ ከሆነም የፓርክ ፖሊስ፣ ሁለቱም የፌዴራል ናቸው። የልደት ምስክር ወረቀትና የመኪና አደጋ ሪፖርትም የየራሳቸው መስኮት አላቸው፤ በዚህ በኩል ቢጠይቋቸው ሳምንታት ጠብቀው «ወደዚያኛው ሂዱ» የሚል ደብዳቤ ነው የሚደርስዎት።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የድሮ ስም ይዞ መሄድ ነው። የንግድ ፈቃድና የሕንጻ ቁጥጥር በአንድ ጣሪያ ሥር የነበሩበት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለሁለት ተከፍሏል። የግንባታ ፈቃድ፣ የሕንጻ ምርመራና የቅጣት ወረቀት የሕንጻ መምሪያው ጋ ነው፤ የንግድና የሙያ ፈቃድ ደግሞ የፈቃድና የሸማች ጥበቃ መምሪያው ጋ። በአንድ ደብዳቤ ሁለቱንም የጠየቀ ሰው ግማሽ መልስ ያገኛል። አንድ ጥያቄ ለአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሦስት ቦታ ያለ ሰነድ ሦስት ጥያቄ ይፈልጋል፣ ቀኑም ለየብቻ ይቆጠራል።

ፖርታሉ ራሱ የሚከብድ ነገር የለውም። አካውንት ከፍተው መሥሪያ ቤቱን ይመርጣሉ፣ ጥያቄውን ይጽፋሉ፣ መከታተያ ቁጥር ይሰጥዎታል። መልሱም ሰነዱም እዚያው ይመጣል። ሁሉም የከተማው አካል ፖርታሉ ላይ አለመኖሩ ግን ነጥብ አስቀንሶበታል። ከዝርዝሩ ውስጥ የሚፈልጉትን ካጡ በኢሜይል ወይም በፖስታ ለዚያ መሥሪያ ቤት የመረጃ ኦፊሰር መላክ ነው። በዚያን ጊዜ የኢሜይሉ ርዕስ ላይ የመረጃ ነጻነት ሕግ ጥያቄ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ፤ ያ ካልተጻፈ ደብዳቤዎ ከተራ የቅሬታ ኢሜይል ጋር ተደባልቆ ቀኑ ሳይጀመርለት ሊቀር ይችላል። ስልክና ኢሜይል ማስቀመጥም አይርሱ። ኦፊሰሩ ማብራሪያ ፈልጎ ካጣዎት ጉዳዩ እዚያው ይተኛል።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ጥያቄው ከገባ በኋላ ውስጥ ምን ይሆናል? በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የመረጃ ኦፊሰር የተባለ ሰው አለ። ትልልቆቹ ጋ ሙሉ ሥራው ይኸው ሊሆን ይችላል፤ ትንንሾቹ ጋ ግን የሕግ ባለሙያው ወይም የአስተዳደር ሠራተኛው ከሌላ ሥራ ጋር ደርቦ ይይዘዋል። ኦፊሰሩ ሰነዱ በእጁ የለም። ጥያቄውን ተመልክቶ ለሥራ ክፍሉ ያስተላልፋል፤ የሥራ ክፍሉም ተቆጣጣሪ መስክ የወጣ፣ ሥራ አስኪያጅ ስብሰባ ላይ ያለ ቢሮ ነው። የመጀመሪያው መዘግየት የሚፈጠረው እዚህ ነው። የተዘጋጀ መሥሪያ ቤት በየክፍሉ ሰነድ አውጥቶ የሚሰጥ ሰው በስም መድቦ፣ የሦስት ወይም የአምስት ቀን የውስጥ ቀነ ገደብ ቆርጦለት ይጠብቃል። ያልተዘጋጀው ሲሆን ኦፊሰሩ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ሲለምን 15ቱ ቀን ያልቅበታል።

ከሰነድ ሁሉ ከባዱ ኢሜይል ነው። የከተማው ኢሜይል የሚፈለገው የቴክኖሎጂ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጋ ሆኖ፣ ኦፊሰሩ የፍለጋ ጥያቄ ልኮ ነው። ፍለጋው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የማን የመልእክት ሣጥን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ቃል። «ስለ ጆርጂያ አቬኑ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ» ብሎ የጠየቀ ሰው የመንገዱ ስም ያለበትን እያንዳንዱን መልእክት፣ የስብሰባ ማስታወቂያውንና የኢሜይል ፊርማ ውስጥ የገባውን አድራሻ ሳይቀር፣ በሺዎች እንዲወጣ እያዘዘ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ተቀምጦ ያንን ሁሉ አንድ በአንድ አንብቦ የግል ስልክ ቁጥሩን፣ የሕግ ምክሩንና የውስጥ ምክክሩን መሸፈን አለበት። እዚህ ላይ ጥያቄው ለወራት ቢተኛ አይግረምዎ፤ ኦፊሰሩም «ጠበብ አድርጉልኝ» ብሎ መጻፉ እልህ ሆኖበት አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው እንዴት ቢጻፍ ይሻላል? ጆርጂያ አቬኑ ላይ የሚሸጥ ሬስቶራንት ሊገዛ ያሰበ ሰው እንውሰድ። «ስለዚህ ቤት ያላችሁን መረጃ ሁሉ ስጡኝ» ቢል ወይ ማብራሪያ ይጠየቃል፣ ወይ የማይረባ ክምር ይወርድበታል። ለሕንጻ መምሪያው እንዲህ ቢጽፍ ግን ይሻላል፦ «እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2019 እስከ ዛሬ፣ በዚህ ቁጥርና በዚህ ጎዳና ላይ ላለው ሕንጻ የወጡ፦ የአገልግሎት ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድ ከነማመልከቻው፣ የምርመራ ሪፖርቶች፣ የጥፋት ማስታወቂያዎች፣ ሥራ የማስቆሚያ ትእዛዞች። የኢሜይል ልውውጥ አልፈልግም። በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ይላክልኝ።» ሰነዱን በዓይነቱ መጥራት፣ ቀኑን በሁለቱም ጫፍ መዝጋትና የማይፈለገውን ማውጣት ሦስቱ ዋና ነገሮች ናቸው። ከሦስቱ ሦስተኛውን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ቀን የሚያተርፈው ግን እሱ ነው።

የመጠጥ ፈቃዱን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደግሞ ለብቻው ይጠይቅ፦ የፈቃዱ ፋይል፣ የመርማሪዎች ሪፖርት፣ እንዲሁም ከጎረቤቶች ወይም ከሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽን ጋር የተፈረመ ስምምነት። ይህ ስምምነት ሙዚቃ በስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ በረንዳው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ሊወስን ይችላል፤ ፈቃዱ ሲዛወርም አብሮ ወደ ገዢው ይሄዳል። የቀድሞው ባለቤት ረስቶት ወይም ዝም ብሎት ሊያልፈው የሚችል ወረቀት ስለሆነ ከመፈረም በፊት ማየቱ ግድ ነው።

ሌላ የሚወድቅ ጥያቄ አለ፤ «ለምን?» የሚለው። «ለምን ፈቃዴን አዘገያችሁት?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሰነድ አልጠየቀም። ሕጉ ያለ ሰነድ እንዲሰጥ ያስገድዳል እንጂ ማብራሪያ እንዲጻፍ ወይም አዲስ ሰነድ እንዲዘጋጅ አያስገድድም። ይኸው ጥያቄ «የፈቃድ ማመልከቻ ቁጥሬ ይኼ ነው፤ በማመልከቻው ላይ የተጻፉ የገምጋሚዎች አስተያየቶችና በሥርዓቱ ውስጥ ያለው የሁኔታ ታሪክ ይሰጠኝ» ተብሎ ሲጻፍ መልሱ የ«ለምን»ን ጉዳይ ራሱ ይነግራል። ዝርዝር ቁጥር ያለበት ነገር ከሆነ በፒዲኤፍ ሳይሆን በኤክሴል ይጠይቁ፤ ሕጉ ጠያቂው በመረጠው ቅርጽ እንዲሰጥ ይላል፣ የመገልበጡን ወጪ ጠያቂው ይሸፍናል።

ፖሊሶች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ካሜራ የተለየ ሰዓት አለው። የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ለቀረጻ ጥያቄ 25 የሥራ ቀን አለው፤ በጽሑፍ አሳውቆ 15 ሊጨምር ይችላል። የበለጠ የሚያስቸኩለው ግን ሌላ ነው። ከምርመራ ወይም ከወንጀል ጉዳይ ጋር ያልተያያዘ ቀረጻ የሚቀመጠው 90 ቀን ብቻ ነው። ታክሲዎን አስቁሞ ተነጋግሮ የለቀቀዎት ፖሊስ ቀረጻ ሦስት ወር አልፎት ከተጠየቀ ሊገኝ አይችልም። ቀኑን፣ ሰዓቱን በግማሽ ሰዓት ልዩነት፣ መስቀለኛ መንገዱንና የሚያስታውሱትን የመኪና ወይም የባጅ ቁጥር ይጻፉ። ቀረጻው ላይ ያሉት እርስዎ ከሆኑና የሌላ ሰው ግላዊነት የማይነካ ከሆነ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያልተሸፈነውን ማየት ይቻላል። ቅጂ ከመጠበቅ ይልቅ ይህ ብዙ ጊዜ ይቀድማል።

ወደ ዝግጅቱ እንመለስ፤ ሦስት ኮከብ የሰጠነው እዚህ ላይ ነውና። ሕጉ ከጥያቄ ውጭ ይፋ መውጣት ያለባቸውን ሰነዶች በዝርዝር አስቀምጧል፦ የሠራተኞች ስም፣ ደመወዝ፣ የሥራ መደብና የቅጥር ቀን፣ የአሠራር መመሪያዎች፣ የመጨረሻ ውሳኔዎች፣ የሕዝብ ስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች፣ እንዲሁም ቀድሞ ለአንድ ጠያቂ የተሰጡና ሌላም ሰው ሊጠይቃቸው የሚችሉ ሰነዶች። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1 ቀን 2001 ወዲህ የተፈጠሩት ኢንተርኔት ላይ መውጣት አለባቸው። ይህን በደንብ የሠራ መሥሪያ ቤት ጥያቄው ይቀንስለታል፤ ኦፊሰሩ «ገጹ ይኸውልዎ» ብሎ በአንድ ቀን ይዘጋዋል። በተለይ የመጨረሻውን፣ ቀድሞ የተሰጠውን ሰነድ የማውጣቱን ነገር ቸል የሚል መሥሪያ ቤት ያንኑ ፋይል በየጊዜው ከመጀመሪያ ሲፈልግና ሲሸፍን ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በከንቲባው ትእዛዝ የወጣው የዳታ ፖሊሲም ጥሩ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ የመረጃ ቋት ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጠዋል። 0 ክፍት ነው፤ ምክንያት ካልተጻፈለት በስተቀር ሁሉም ከዚህ ይጀምራል። 1 ለሕዝብ የሚሰጥ ግን በራሱ የማይወጣ፣ 2 ለከተማው ውስጣዊ ሥራ፣ 3 ምስጢራዊ፣ 4 በጥብቅ የተገደበ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ጥያቄ ሲመጣ ነው። ደረጃው ቀድሞ ከተሰጠ ኦፊሰሩ ሕግ ማገላበጥ አይኖርበትም፤ ጠያቂውም የመረጃ ቋቱን ስም ከክፍት ዳታ ገጹ ዝርዝር ላይ ካገኘ በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይችላል። ይህን ዝርዝር የሚያይ ጠያቂ ግን ብዙም የለም፤ ያሳዝናል።

ዝግጅት ሲባል ማስቀመጥም ነው። ሰነድ ከጠፋ ሕጉ ምንም አያደርግለትም። ባለሥልጣናት በዋትስአፕ የመንግሥት ሥራ ይነጋገራሉ መባሉ በወጣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የከተማው ምክር ቤት እንዲህ ያሉ መልእክቶችም የሕዝብ ሰነድ ስለሆኑ መጠበቅ እንዳለባቸው በአስቸኳይ ሕግ አረጋግጧል። መልእክት በራሱ ጊዜ እንዲጠፋ የሚያደርገው ማስተካከያ ሥራ ስልክ ላይ መዘጋት አለበት ማለት ነው። ይህ ለኦፊሰሩ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ስልኩን ለሠራተኛው ሲሰጥ የቴክኖሎጂ ክፍሉ አስተካክሎ መስጠት አለበት። በግል ጂሜይል የከተማ ሥራ የሚሠራ የቦርድ አባልም እንደዚሁ፤ ጥያቄ በመጣ ቀን የገዛ የመልእክት ሣጥኑን ራሱ እንዲያበጥር ይገደዳል፣ ይህ ደግሞ ለማንም ደስ አይልም።

የመንግሥት አካላት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚያዘው የስብሰባዎች ሕግ በጎን ያለ ነገር ቢሆንም ቦርድ ላይ ለሚያገለግሉ ወገኖች ይጠቅማል። ስብሰባ ከ48 ሰዓት ወይም ከሁለት የሥራ ቀን፣ ከሁለቱ የሚረዝመው ተወስዶ፣ አስቀድሞ መነገር አለበት። ቃለ ጉባኤው በሦስት የሥራ ቀን፣ የድምፅ ቀረጻውን ጨምሮ ሙሉው መዝገብ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ለሕዝብ መቅረብ ይኖርበታል። ይህን የሚከታተለው የክፍት መንግሥት ቢሮ ነው፤ ሥልጠናም ይሰጣል፣ ስለ መረጃ ጥያቄም የምክር አስተያየት ይጽፋል። ይግባኝ ግን አይሰማም፤ ብዙ ሰው እዚያ ሄዶ ጊዜ ያጠፋል።

ይግባኝ የሚገባው ለከንቲባው ነው፤ ሥራውን የሚሠራው የከንቲባው የሕግ አማካሪ ጽሕፈት ቤት። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አይጠይቅም። ደብዳቤው የመጀመሪያውን ጥያቄ ቅጂ፣ የእምቢታውን ደብዳቤ (ወይም መልስ አለመምጣቱን ከነቀኑ)፣ ለምን ስሕተት እንደሆነ አጭር ማብራሪያና አድራሻዎን ይይዛል። መሥሪያ ቤቱ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለምን እንደከለከለ ማስረዳት፣ ውሳኔውም በ10 የሥራ ቀን መሰጠት አለበት። እዚህ ጋ የሚያዋጣው ክርክር «መብቴ ነው» የሚለው አይደለም። የሚያዋጣው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፍለጋው በቂ አልነበረም ማለት ነው፤ የትኛው ክፍል፣ የትኛው የመልእክት ሣጥን እንዳልተፈለገ በስም ይጥቀሱ። ሁለተኛው፣ ሊሸፈን የሚገባው ቢኖር እንኳ የቀረው ተለይቶ መሰጠት ነበረበት ማለት ነው፤ አንድ የግል ስልክ ቁጥር ያለበት ሰነድ በሙሉ ሊከለከል አይችልም። የቀድሞ የይግባኝ ውሳኔዎች ለሕዝብ ስለሚወጡ የእርስዎን የመሰለ ጉዳይ ፈልጎ ማያያዝ ደብዳቤውን ያጠነክረዋል። የከተማው ምክር ቤትና የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መሥሪያ ቤት ግን ከከንቲባው ሥር አይደሉም፤ በእነሱ እምቢታ ላይ በቀጥታ የዲሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው የሚኬደው። ፍርድ ቤት ላሸነፈ ጠያቂ የጠበቃ ወጪ ሊፈርድ ይችላል።

ስለ ክፍያ ብዙ የሚባል የለም። ለንግድ የሚጠይቅ ፍለጋውን፣ ምርመራውንና ቅጂውን ሊከፍል ይችላል፤ ጋዜጠኛና የትምህርት ተቋም ቅጂውን ብቻ፤ ሌላው ሰው ፍለጋውንና ቅጂውን። ክፍያው ከ250 ዶላር እንደሚበልጥ ካልተገመተ ወይም ከዚህ ቀደም ያልከፈሉት ዕዳ ከሌለብዎ በስተቀር «አስቀድመህ ክፈል» ሊሉዎት አይችሉም። ጥያቄው ላይ «ከዚህ ገንዘብ በላይ የሚሆን ከሆነ ሳትጀምሩ አሳውቁኝ» ብሎ መጠን መጻፍ ከድንገተኛ ሒሳብ ያድናል።

የአማርኛው ጉዳይ ሁለት ኮከብ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ፣ ዋና ዋና ቅጾችንም የመተርጎም ግዴታ አለባቸው። ተናጋሪው 500 ሰው ወይም ከተገልጋዩ 3 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ላይ ከደረሰ ትርጉሙ ግዴታ ይሆናል፤ አማርኛም ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ከተተረጎመባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። መብቱ ትልቅ ነው። የሚወጣው ሰነድ ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፤ ማንም አይተረጉምልዎትም። ጥያቄውን በአማርኛ ማስገባት የሚከለክል ነገር ባይኖርም እንግሊዝኛው ሳይተረጎም በቀጥታ ስለሚሄድ ቀን ያተርፋል። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ኦፊሰሩ ጋ ደውሎ አስተርጓሚ እንዲያገናኙት ይጠይቅ፤ እምቢ ከተባለ አቤቱታው ለሰብዓዊ መብቶች ቢሮው ነው። የከንቲባው የአፍሪካ ጉዳዮች ቢሮም የትኛው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚይዝ ለማወቅ ጥሩ የመጀመሪያ ስልክ ነው።

ከዲሲ ወጣ ብለው ለሚኖሩት አንድ ነገር እንበል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሜሪላንድ ናት፤ የሜሪላንድ ሕግ 30 ቀን ይሰጣል፣ ከ10 የሥራ ቀን በላይ ከፈጀ አስቀድሞ ማሳወቅ ግድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ፍለጋ በነጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋሙት የመረጃ እንባ ጠባቂና የውሳኔ ቦርድ ከዲሲ የበለጠ የሽምግልና በር ይከፍታሉ። አሌክሳንድርያ ደግሞ ቨርጂንያ ነች፦ አምስት የሥራ ቀን፣ ካልበቃ ሰባት ተጨማሪ። ፈጣን ቢሆንም የቨርጂንያ ነዋሪ ላልሆነ ሰው እምቢ ሊል ይችላል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ይህን እ.ኤ.አ. በ2013 አጽድቆታል። ቨርጂንያ ከዲሲ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ የተመረጡ የአካባቢ ባለሥልጣናት ሥራ በጀመሩ በሁለት ወር ውስጥ ስለ ሕጉ ሥልጠና የመውሰድ ግዴታ አለባቸው። ዲሲ ከዚህ ብትማር መልካም ነው፤ ሕጉን የሚያበላሸው ኦፊሰሩ ሳይሆን ሰነድ እንዲያወጣ ሲጠየቅ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለው ኃላፊ ነውና።

አገር ቤት ያለው አዋጅ ቁጥር 590/2000ም 30 ቀን ይሰጣል፣ በቃል ለመጠየቅም ይፈቅዳል። ጥያቄውን የሚቀበለው ግን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። የመሥሪያ ቤቱን መልካም ገጽታ እንዲገነባ የተቀጠረ ሰው የማያስመሰግን ሰነድ እንዲያወጣ መጠበቅ፣ የአደረጃጀት ስሕተት ይመስለናል። የዲሲው አሠራር ለሕግ ባለሙያ ወይም ለአስተዳደር ሠራተኛ መስጠቱ፣ ምንም እንኳ ሥራ ቢደራረብበት፣ ከዚያ ይሻላል።

ጥያቄ ከማስገባትዎ በፊት አንድ የመጨረሻ ገጽ ይክፈቱ። ከንቲባው በየዓመቱ እስከ የካቲት 1 (በፈረንጆቹ) ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው ሪፖርት የእያንዳንዱን መሥሪያ ቤት ስንት ጥያቄ እንደደረሰው፣ ስንቱን በ15 ቀን፣ ስንቱን ከ16 እስከ 25፣ ስንቱን በ26 ቀንና ከዚያ በላይ እንደመለሰ ያሳያል። የእርስዎ መሥሪያ ቤት በመጨረሻው ዓምድ ላይ ብዙ ቁጥር ካለው ጥያቄውን በትንንሹ ከፋፍለው፣ ኢሜይል የሌለበትን ቀድመው ያስገቡ፤ የይግባኙንም ቀን ካላንደርዎ ላይ አብረው ያስመዝግቡ።